ኪዩቢት «0ም 1ም ነው» ወይስ «0 ወይም 1 ነው»?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ኳንተም ኮምፒውተርና ስለ መሠረታዊ የመረጃ አሃዱ ስለ ኪዩቢት ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ «ኪዩቢት በአንድ ጊዜ 0ም 1ም ነው» ብያለሁ። ባልደረባዬ ግን «0 ወይም 1 ነው» ይሻላል ባይ ነው። የትኛው ይስማማል?

መልስ፦ በሰዋስው ረገድ ሁለቱም እንከን የለባቸውም። ነገሩን ግን ሁለቱም ይስቱታል።

ጣና ዳር ዓሣ አጥማጁ ቅርጫቱን ሳይከፍት «ውስጡ ያለው ቆሮሶ ወይም አምባዛ ነው» ቢልዎት፣ ዓሣው አንዱን መሆኑ ያለቀለት ጉዳይ ነው፤ ያላወቅነው እኛ ነን። «ወይም» ከ«ነው» ጋር ሲመጣ የሚያሳድረው ስሜት ይህ ነው። ኪዩቢት ግን እንዲህ አይደለም። 0 የነበረ ኪዩቢት ሐዳማርድ በሚባለው በር (የኪዩቢትን ሁኔታ በሚቀይር የስሌት እርምጃ) አልፎ ቢለካ፣ 0 ወይም 1 የመውጣት ዕድሉ እኩል ነው። ሳይለካ በዚያው በር ዳግመኛ ቢያልፍ ግን ምንጊዜም 0 ይወጣል። በመካከል አንዱን ይዞ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛው በር እንደገና እኩል ዕድል በሰጠ ነበር። ይህን ሙከራ ለተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ሠርቶ ማሳየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

«ም» ደግሞ ሁለቱንም ያጸድቃል። «መምህርም ገበሬም ናት» ካልን ሁለቱንም ሥራ ትሠራለች ማለታችን ነው። ኪዩቢት ሲለካ የሚሰጠን አንዱን ብቻ ነው። ከመለካቱ በፊት ለ0 አንድ ቁጥር፣ ለ1 ሌላ ቁጥር ይኖረዋል፤ ቁጥሮቹ ፕላስም ማይነስም ሊሆኑ ይችላሉ። የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቦርን በ1926 እ.ኤ.አ. ባስቀመጠው ሕግ መሠረት የየቁጥሩ ፍጹም ዋጋ በካሬ ሲወሰድ ዕድሉን ይነግረናል።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ «ኪዩቢት ከመለካቱ በፊት በ0 እና በ1 ጥምር ሁኔታ ላይ ይገኛል፤ ሲለካ ውጤቱ 0 ወይም 1 ይሆናል።» ባልደረባዎ የወደዱት «ወይም» እዚህ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። «1 ሆኖ ተገኘ» ከማለት ግን ይጠንቀቁ፤ «ብሩ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ» ስንል ቀድሞም ሐሰተኛ ነበር ማለታችን ነውና።

«መልሶችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሰላል» የሚለውንም ይተዉት። የሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር በ1994 እ.ኤ.አ. ትላልቅ ቁጥሮችን ወደ አካፋዮቻቸው ለመበተን ያቀረበው ዘዴ የሚሠራው፣ ዕድልን ከሚነግሩን ከእነዚያ ቁጥሮች መካከል ወደ ተሳሳተ ውጤት የሚያመሩት ፕላስና ማይነስ ሆነው ስለሚጠፋፉ፣ ወደ ትክክለኛው የሚያመሩት ደግሞ ስለሚደጋገፉ ነው። «ይጠፋፋሉ» እና «ይደጋገፋሉ» ብለው ይጻፉላቸው።