ያልጠጣ ሰው ለምን ይቆማል?

የአንባቢያን ጥያቄና የጋሼ መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በቀደም ቅዳሜ ከሠርግ ስንመለስ ፖሊሶች መንገዱን በብርቱካናማ ኮን አጥበው የመጣውን መኪና ሁሉ ያስቆማሉ። የምነዳው እኔ ስለነበርኩ ከኮካ በቀር አልቀመስኩም። ፖሊሱ ግን ባትሪ ፊቴ ላይ አብርቶ «ዛሬ ማታ ጠጥተሃል?» አለኝ። እናቴ ኋላ ተቀምጣለች፤ ክው ብላ ቀረች። በማግስቱ አንድ ጓደኛዬ «ሞኝ ነህ፣ መስኮት አትክፈት፣ መብቴ ነው የሚል ወረቀት ብቻ አሳያቸው» አለኝ። እውነቱን ነው? ምንም ሳላጠፋ እንዴት ያስቆሙኛል? ይሄ እኛ አገር ከምናውቀው ኬላ በምን ተለየ?
ተ. ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ወንድሜ ተ.፣ በመጀመሪያ እናትህን ጋሼ አይዞሽ ብለውሻል በልልኝ። ደግሞ ሳትጠጣ መንዳትህ ተባረክ ያሰኛል።

ጠበቃ አይደለሁም። ዋሽንግተን ታክሲ ስነዳ ነው ያረጀሁት። የሌሊት ሹፌር ግን ወደደም ጠላም ሕግ ይማራል። አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ያስቆሙሃል። ረጅሙ መልስ ግን አንተንም ጓደኛህንም በከፊል ልክ ያደርጋችኋል።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛው ማሻሻያ መንግሥት ያለ ምክንያት ሰው እንዳይዝና እንዳይፈትሽ ይከለክላል። መኪና ማስቆም ደግሞ መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከደላዌር በመጣ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊስ ደስ ያለውን መኪና መርጦ መንጃ ፈቃድ ለማየት ብቻ ማስቆም አይችልም ብሏል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነህ።

ነገሩ የተለወጠው በ1990 ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሚሺጋን ውስጥ፣ ሳጊናው ካውንቲ፣ ፖሊስ አንድ ሌሊት የስካር ኬላ አቆመ። ኬላው ለአንድ ሰዓት ከሩብ ቆየ፤ 126 መኪና አለፈበት። እያንዳንዱ በአማካይ 25 ሰከንድ ቆመ። በስካር የተያዙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛውማ ጥሶ ሊያልፍ ሲል ነው የተያዘው። ነዋሪዎች ከሰሱ፤ ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ 6 ለ 3 ለፖሊስ ፈረዱ። የዋና ዳኛ ሬንኲስት ሐሳብ ባጭሩ፣ ሰክሮ መንዳት የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው፣ ሹፌሩ የሚጉላላው ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ይፈቀዳል የሚል ነበር። ከተቃወሙት አንዱ ዳኛ ብሬናን ናቸው። ሁሉን ማስቆም ሰካራም ለመያዝ ቢያቀልም፣ አንድን ሰው በራሱ ምክንያት ሳይጠረጥሩ ማስቆምን ልክ አያደርገውም ነው ያሉት።

አስቂኙ ነገር፣ ጉዳዩ ወደ ሚሺጋን ሲመለስ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 በራሳችን ሕገ መንግሥት ክልክል ነው አለ። ኬላው ዋሽንግተን ላይ አሸንፎ እዚያው አገሩ ተሸነፈ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄህ እንምጣ፤ ከኬላ በምን ይለያል ላልከው። በዓላማውና በሚጠየቀው ጥያቄ ነው የሚለየው። ኢንዲያናፖሊስ በ1998 መኪና እያስቆመ ዕፅ የሚፈልግ ኬላ ጀመረ። 1,161 መኪና አስቁሞ 104 ሰው ያዘ። ከመቶ ወደ ዘጠኝ ይጠጋል፤ ከሳጊናው በእጅጉ ይበልጣል። ግን በ2000 ተሸነፈ። ለምን? የስካር ኬላ ሰካራሙን እዚያው ከመንገድ ለማውጣት ነው። የኢንዲያናፖሊሱ ግን ተራ ወንጀል ማደኛ ነበር። ሁሉንም አስቁሞ ወንጀለኛ መፈለግ አይቻልም አለ ፍርድ ቤቱ።

እኛ ዲሲ የነበርን ሹፌሮች ደግሞ ትሪኒዳድን አንረሳም። በ2008 ሰሜን ምሥራቅ ዲሲ፣ ትሪኒዳድ ሰፈር፣ ግድያ በዛ ተብሎ ፖሊስ መግቢያውን ዘጋ። ሹፌሩ ወደ ሰፈሩ የሚገባበትን ምክንያት ይጠየቃል። ምክንያቱ ካላጠገበ ተመለስ ይባላል። አክስቴ ጋ እየሄድኩ ነው ብሎ ለፖሊስ ማስረዳት! እኛ የምናውቀው ኬላ ማለት እሱ ነበር። በ2009 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፣ ቀረ።

አሁን የኔን አስተያየት ልናገር። ብዙ ሰው አይወድልኝም።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትለኝ፣ አንድ ፖሊስ ብቻዬን መርጦ ከሚያስቆመኝ ኬላ ላይ ከሁሉም ጋር ብሰለፍ ይሻለኛል። የኬላ ተቃዋሚዎች ሁሌም የሚሉት፣ ፖሊስ መንገድ ላይ እየዞረ የሚወላገደውን መኪና ቢከታተል ብዙ ሰካራም ይይዛል ነው። እውነት ነው፣ ይይዛል። ግን ፖሊሱ ማንን ነው የሚከተለው? በ1996 የተወሰነ ከዚሁ ከዲሲ የተነሳ ጉዳይ አለ። ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ሁለት ጥቁር ወጣቶች የያዘች ፓዝፋይንደር መኪና ጠረጠሩ። ስቶፕ ምልክት ላይ ብዙ ቆመች፣ ፍሬቻ ሳታበራ ታጠፈች፣ ፈጠነች ብለው አስቆሙ። ውስጥ ዕፅ ተገኘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ፣ የትራፊክ ጥፋት እስካለ ድረስ ፖሊሱ በልቡ ሌላ ነገር ቢፈልግም ግድ የለም አለ። ፍሬቻ ረስቶ የማያውቅ ሹፌር ካለ ያሳየኝ። በዚህ ሕግ ማታ አሥራ ስድስተኛ መንገድ ላይ የሚነዳ ሐበሻ ሁሉ የሚቆምበት ምክንያት አይጠፋም።

ኬላ ላይ ግን ሁሉም ይቆማል። ወይም በየሦስተኛው፣ በየአምስተኛው መኪና ይባላል። ጠበቃዋም፣ ዶክተሩም፣ እኔም። ፊት አይቶ መምረጥ የለም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 ያስቀመጠው መመዘኛ ለዚህ ነው የሚጥመኝ። ኬላው የት እንደሚሆን አለቃ ይወስን እንጂ መንገድ ላይ ያለው ፖሊስ አይወስን ይላል። መኪናው በቁጥር ይመረጥ፣ መብራትና ምልክት ይኑር፣ ሕዝቡም ቀድሞ ይወቅ ይላል። ይህ ከተጓደለ እኔም ከጓደኛህ ጋር ነኝ። ቦታውንም ማየት ነው። ኬላው ሁልጊዜ የስደተኛ ሰፈር መግቢያ ላይ ብቻ ከተተከለ፣ ምርጫው ቀድሞ አልቋል ማለት ነው።

ደግሞ ሌሊት የሠራ ሰው ሰካራም ያውቃል። አዳምስ ሞርጋን አሥራ ስምንተኛ መንገድ ላይ ቡና ቤት ሲዘጋ፣ የመኪናውን ቁልፍ ለመክፈት በሩን እየቧጨረ የሚቆም ጎረምሳ ነበር፤ ያውም የሌላ ሰው መኪና። «ና ግባ፣ ላድርስህ» ብትለው «ደህና ነኝ» ይልሃል። ሁሉም ደህና ነኝ ነው የሚለው። በ2022 ብቻ አሜሪካ ውስጥ ጠጥቶ የነዳ ሹፌር ባለበት አደጋ 13,524 ሰው ሞቷል። ስለዚህ 25 ሰከንዱ አይከብደኝም።

አሁን ስለ ወረቀቱ። ይህ ነገር በ2015 ገደማ ከፍሎሪዳ በቪዲዮ የተዛመተ ነው። አንድ ጠበቃ ያዘጋጀው ወረቀት ነው፤ አልናገርም፣ አትፈትሹኝ፣ ጠበቃዬን እፈልጋለሁ ይላል። በፕላስቲክ አድርገህ መስኮት ላይ ታንጠለጥላለህ። ቪዲዮው ላይ ያምራል። ቨርጂኒያ ግን ፖሊስ መንጃ ፈቃድህን ሲጠይቅ ማሳየት ግዴታህ ነው። ውረድ ካለህም ትወርዳለህ። ከ1977 ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈቀደው ነው። ኋላ እናትህን አስቀምጠህ በመስኮት ክርክር ባትጀምር እመርጣለሁ።

መብትህ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከየት እንደመጣህ፣ ጠጥተህ እንደሆነ የመመለስ ግዴታ የለብህም። በትሕትና «መልስ ባልሰጥ ይሻለኛል» ማለት ይቻላል። እኛ ሐበሾች ግን ሰው ፊት እምቢ ማለት ያሳፍረናል። ሁለት ብርሌ ጠጅ የጠጣው ሰው «ትንሽ» ይላል። ያቺ «ትንሽ» ናት ፍርድ ቤት የምትነበበው። አትዋሽ፤ ግን ዝም ማለት ውሸት አይደለም። መኪናህን ልፈትሽ ካለህም አልፈቅድም በል። ባትሪውን ፊትህ ላይ ያስጠጋው ደግሞ ዓይንህን ለማየት ብቻ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ ባትሪ ውስጡ የአልኮል ሽታ የሚለይ መሣሪያ አለው።

ከመኪና አውርዶ ዘጠኝ እርምጃ ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ ሂድ፣ በአንድ እግርህ ቁም ካለህ፣ ይህ በፈቃድህ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መንገድ ላይ የሚሰጠውን ትንሿን የትንፋሽ መለኪያም እምቢ ማለት ትችላለህ። ከታሰርክ በኋላ ጣቢያ የሚሰጠው የትንፋሽ ምርመራ ግን ሌላ ነው። እሱን ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካልክ ባትጠጣም እንኳ መንጃ ፈቃድህን ለአንድ ዓመት ታጣለህ። ደምህን ለመውሰድ ከሆነ በ2016 የተሰጠ ውሳኔ አለ፤ ካልፈቀድክ በመርሕ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኬላውን ከሩቅ አይቼ ወደ ሌላ መንገድ ብታጠፍ ጥፋት ነው?
ሔ. ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ መታጠፊያው ሕጋዊ ከሆነ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሜሪላንድ በ1984 ኬላን ስትፈቅድ፣ ፍርድ ቤቱ ያየው ደንብ ራሱ ሳይደርሱ የሚመለሱ ሹፌሮች አይከተሏቸው የሚል ነበር። ቨርጂኒያም በ2000 መታጠፉ ብቻውን ለማስቆም አይበቃም ብላለች። ቢጫ መስመር አቋርጠሽ ከዞርሽ ግን የሚፈልጉትን ሰጠሻቸው። ሌላ ግዛት ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ዳላስ ስኖር እንዲህ ያለ ኬላ አይቼ አላውቅም። እድለኛ ነኝ ወይስ?
ብ. ከዳላስ

መልስ፦ ቴክሳስ የስካር ኬላ የላትም። በ1994 የግዛቲቱ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በግዛት ደረጃ ሕዝብ የመረጠው አካል ካልፈቀደ አይሆንም አለ። ሕግ አውጪዎቹ እስካሁን አልፈቀዱም። ዋሽንግተን ግዛት፣ ሚኒሶታና ሮድ አይላንድም እንዲሁ በፍርድ ቤት ዘግተውታል። ስለዚህ የሲያትልና የሚኒያፖሊስ ዘመዶችህም አያውቁትም። ዳላስ ላይ የሚያስቆምህ ከኋላህ የሚመጣው ፖሊስ ነው፤ ፍሬቻህን አትርሳ።

ጥያቄ፦ ከሦስት ዓመት በፊት በዲዩአይ፣ ማለትም ጠጥቶ በመንዳት፣ ተፈርዶብኛል። ቅጣቱን ጨርሻለሁ። አሁን ለዜግነት ላመልክት ነው። መጻፍ አለብኝ?
ስሜ ይቅር

መልስ፦ አለብህ። ቅጹ የተያዝክበትን ሁሉ ነው የሚጠይቀው፤ ክሱ ቢዘጋ፣ ቢሰረዝም። መደበቅ ከዲዩአዩ የባሰ ጣጣ ያመጣል። አንድ ተራ ዲዩአይ ብቻውን ብዙ ጊዜ በር አይዘጋም። ጠባይህ በሚመረመርበት ዘመን ውስጥ ሁለት ከሆኑ ግን ከ2019 ጀምሮ ለዜግነት የሚጠየቀው መልካም ጠባይ የለውም ተብሎ ይገመታል፤ ማስተባበሉ ያንተ ሸክም ነው። ፋይሉን ከማስገባትህ በፊት ከተፈረደብህ ፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ አውጣ። ታዘህ የወሰድከው ትምህርት ካለ የእሱንና የቅጣት ክፍያውን ደረሰኝ ጨምር። ከዚያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሂድ፤ ቅጽ ብቻ የሚሞላ ሰው ጋ አይደለም።