መልስ፦ ከደብረ ማርቆስ ልሥራ ወይስ አዲስ አበባ ልግባ?

ቡድንህ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ሆኖ አንተ ከደብረ ማርቆስ በርቀት ኮድ እየጻፍክ፣ ልግባ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አሁን አትግባ። ቡድኑ ቢሮ ውስጥ ቡና ላይ የወሰነውን አንተ ደብረ ማርቆስ ሆነህ ዘግይተህ መስማትህ ያናድዳል። ግን ለዚህ ብለህ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ውስጥ አትግባ።

1. አለቃህን አንድ ነገር ጠይቀው፤ በቃል የተወሰነ ሁሉ በዚያው ቀን ጊትሃብ ኢሹ (ኮዱ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ ላይ የሥራ ጉዳዮች የሚመዘገቡበት ገጽ) ላይ በሁለት መስመር ይጻፍ። ያልተጻፈ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። መጀመሪያ ይነጫነጫሉ። በኋላ ቢሮ ያሉትም ይወዱታል፤ ማን ምን እንዳለ ማን ያስታውሳል?

2. ፑል ሪኩዌስትህን (ለውጥህ ታይቶ ከዋናው ኮድ ጋር እንዲዋሃድ የምትልከውን ጥያቄ) አሳንስ። ሺህ መስመር ኮድ ከላክህ ማንም በደንብ አያየውም። ለምን እንደቀየርከውም ከላይ ጻፍ፤ አጠገባቸው ሆነህ አታስረዳማ።

መብራትና ኔትወርክ ይጠፋል ላልከው፣ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) ያለ ኢንተርኔትም ኮሚት ያደርጋል (ለውጡን ይመዘግባል)፣ ብራንች (የኮዱን የተለየ ቅርንጫፍ) ይከፍታል። ኔት የሚፈልገው ፑሽና ፑል (ኮዱን ወደ ጊትሃብ መላክና ከዚያ ማምጣት) ላይ ነው። ላይብረሪ (ሌሎች ያዘጋጁት ኮድ) እና ዶክመንቴሽን (የአጠቃቀም መመሪያ) ኔት ባለበት ሰዓት አውርደህ አስቀምጥ። ስብሰባ ላይ ካሜራህን ዝጋ፣ ዳታ ይበላል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። አዲስ ፕሮጀክት ሲጀመር በአካል ሂድ። የዳታቤዙ አወቃቀር ሰሌዳ ላይ ሲሳል የሌለ ሰው፣ በኋላ የሌላውን ሐሳብ ኮድ ሲያደርግ ይከርማል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣቱ እንደሚያደክም አውቃለሁ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑንም አጣርተህ ተነሣ። የትራንስፖርትና የአልጋውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ሳትሄድ በፊት ተነጋገር፣ እሱንም በጽሑፍ።