መልስ፦ ኬፕታውን ከውኃ እጦት እንዴት ተረፈች?

ነዋሪው፣ መንግሥትና የንግዱ ማኅበረሰብ ተባብረው ከተማን ከቀውስ ያዳኑበት ተጨባጭ ምሳሌ እንዳለ ለጠየቁት፣ የደቡብ አፍሪካዋን ኬፕታውንን እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በተከታታይ በደረሰው ድርቅ ግድቦቿ ሲራቆቱ፣ የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2018 ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰው የቀን ፍጆታ በ50 ሊትር ወሰነ፤ ታሪፉን ከማክበዱም በላይ፣ የትኛው ቤት እንደቆጠበ የሚያሳይ ካርታ ለሕዝብ ይፋ አደረገ (የግል ምስጢርን ይነካል የሚል ትችት አልቀረለትም)። በዚያው ወር በከተማዋ አቅራቢያ ባለችው በግራቦው (Grabouw) አካባቢ ያሉ ፍራፍሬ አምራቾች ከግል ግድቦቻቸው 10 ቢሊዮን ሊትር ያህል ውኃ ለከተማዋ ለቀቁ። ክረምቱም ዘነበ፤ ውኃ አልቆ ይዘጋሉ ተብለው የተፈሩት የከተማዋ ቧንቧዎች ሳይዘጉ ቀሩ።

በእኔ አመለካከት ወሳኙ የታሪፉ መክበድ ሳይሆን የግድቦቹ የውኃ መጠን በየሳምንቱ በግልጽ መነገሩ ነው። ሆኖም ሸክሙ እኩል አልነበረም፤ ከጋራ ቦኖ የሚቀዱ የድሃ ሰፈር ነዋሪዎች ድርቁ ከመግባቱ አስቀድሞም የሚቆጥቡት ትርፍ ውኃ አልነበራቸውም።