ማርሹን ተወው፣ እግርህን ቀድመህ አንሳ

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው «አውቶማቲክ መኪና ይዤ ቁልቁለት ላይ ስደርስ ወይም ቀይ መብራት ከሩቅ ሳይ፣ ማርሹን ከዲ (ከመንጃው) ወደ ኤን (ዜሮ ማርሽ) አውጥቼ መኪናውን በራሱ ግፊት ብለቀው ነዳጅ እቆጥባለሁ ወይ? ካምቢዮውንስ (የማርሽ ሳጥኑን) ይጎዳዋል?» ብለህ ነው። በመሪ ላይ ዓመታት ካሳለፈ ሰው አጭሩ መልስ ይኸውልህ፦ መኪናህ ኢንጄክተር (በኮምፒውተር እየታዘዘ ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጭ አፍንጫ) ያለው ከሆነ ማርሹን አትንካው። ነዳጅ የሚቆጥብልህ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀድመህ ማንሳትህ ነው።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በካርቡሬተር (ያለ ኮምፒውተር አየርና ነዳጅ በሚቀላቅለው የድሮ ዕቃ) ዘመን እግርህን ብታነሳም ሞተሩ በዞረ ቁጥር አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር ነዳጅም ይጎትታል። ስለዚህ ዙሩን ወደ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ማውረድ ትርፍ ነበረው። በዛሬው መኪና ግን ኮምፒውተሩ እግርህ መነሳቱንና የሞተሩ ዙር ከፍ ያለ መሆኑን ሲያይ ኢንጄክተሮቹን ጨርሶ ይዘጋቸዋል። በዚያን ጊዜ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ አንዲት ጠብታ ነዳጅ አይገባበትም። ኤን ስታደርገው ጎማውና ሞተሩ ይለያያሉ፤ ሞተሩ እንዳይጠፋም ኮምፒውተሩ ነዳጅ መርጨት ግድ ይሆንበታል።

የወቅቱን የነዳጅ ፍጆታ የሚያሳይ ዳሽቦርድ ካለህ ይህን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል (ቁጥሩን ግን ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ያንብብልህ፤ የአንተ ዓይን መንገድ ላይ ይሁን)። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄድህ፣ ሞተሩም ከሞቀ በኋላ፣ ዲ ላይ እንዳለህ እግርህን አንሳ። ቁጥሩ አፍታ ቆይቶ ይወርድና 0.0 ላይ ይተኛል። ፍጥነቱ እየቀነሰ ሄዶ ዙሩ ወደ ሚኒሞ ሲጠጋ ኢንጄክተሮቹ እንደገና ይከፈታሉ፤ ቁጥሩ ከዜሮ ይነሣል፣ ልብ ብለህ ካዳመጥህም መኪናው በስሱ ወደ ፊት ገፋ ሲያደርግህ ይሰማሃል። አሁን ሒሳቡን ተመልከት፦ በሚኒሞ በሰዓት 0.8 ሊትር የሚበላ ሞተር፣ በ80 ፍጥነት ኤን ላይ ሲንከባለል በ100 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ይፈጃል ማለት ነው። ብዙ አይደለም፤ ከዜሮ ግን ይበልጣል።

ለኤን ደጋፊዎችም አንድ ነገር ልመስክርላቸው። ዲ ላይ ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ስለዚህ ተዳፋቱ እጅግ ለስላሳ ከሆነና መቆም ካልፈለግህ፣ ኤን ላይ ያለው መኪና ርቆ ይሄዳል፤ ዲ ላይ ያለው ደግሞ ፍጥነቱን ለመጠበቅ ቶሎ ነዳጅ ይጠይቃል። በዚያች ጠባብ ሁኔታ ኤን ሊያሸንፍ ይችላል። ለዚያች ትርፍ ብዬ ግን መኪናውን የመያዝ አቅሜን አልሰጥም። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ በ122ኛው ደንቡ ዜሮ ማርሽ ላይ መንከባለል መኪናውን የመቆጣጠር አቅም ይቀንሳል ብሎ የሚያስጠነቅቀው በከንቱ አይደለም።

ረጅም ቁልቁለት ላይማ ጨርሶ አታስበው። ኤን ላይ ስትሆን ያ ሁሉ ክብደት በፍሬን ላይ ብቻ ይወድቃል። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የፍሬኑ ዘይት እስከ መፍላት ሊደርስ ይችላል፣ ፔዳሉም ስትረግጠው ባዶ ይሆንብሃል። ማርሹን ቀንስና በሞተሩ ያዘው። ብዙ ሰው ሞተሩ ሲጮህ ይደነግጣል፤ ጩኸቱን ሁሉ የነዳጅ ወጪ አድርጎ ይቆጥረዋል። እግርህ ከነዳጅ መስጫው ላይ እስከተነሣ ድረስ ሞተሩ በደቂቃ በ4000 ዙር ቢያጓራም ኢንጄክተሩ ዝግ ነው። ሞተር ማጥፋቱንስ አታንሣው፤ የመሪው አጋዥ ኃይል ይጠፋል፣ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል።

የካምቢዮውን ጉዳይ በተመለከተ፣ በተለመደው አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሆን ፓምፑም ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የካምቢዮው የኋላ ዘንግ ግን በጎማው ፍጥነት መሽከርከሩን አያቆምም። በዚያ ላይ በሩጫ መካከል ወደ ዲ ስትመልሰው ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች (እርስ በርስ ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉ ሳህኖች) የፍጥነቱን ልዩነት በሰበቃ ማስታረቅ አለባቸው። አንድ ጊዜ ብታደርገው አይሰበርም፤ ዕለት ተዕለት ማድረግ ግን ዕድሜውን መብላት ነው።

እኔ የማየው ትልቁ ብክነት ሌላ ቦታ ነው። ቀይ መብራት እየታየ ነዳጅ ረግጠው አልፈውኝ የሚሄዱ፣ ከዚያም መስመሩ ላይ ሲደርሱ ፍሬን የሚይዙ አሉ። በ100 የሚሮጥ መኪና የያዘው ጉልበት በ50 ከሚሄደው አራት እጥፍ ነው፤ ፍሬን ስትይዝ ያ ሁሉ በነዳጅ የተገዛ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይበናል። ስለዚህ ከፊትህ ካለው መኪና ራቅ በል፣ አሻግረህ ተመልከት፣ መቆሚያህን እንዳየህ እግርህን አንሣ። ብዙ ጊዜ ሳትቆም መብራቱ ይለቅልሃል፤ እየተንከባለለ ያለን መኪና ማስቀጠል ደግሞ ቆሞ የነበረን ከማስነሣት እጅግ ይረክሳል።

መኪናህ እግርህን ስታነሣ ሞተሩን በራሱ ከጎማው የሚለይ ዓይነት ከሆነ (አንዳንዶቹ በኢኮ አነዳድ ላይ ያደርጉታል) ለእሱ ተውለት፤ ፍሬን ስትነካ ወዲያው መልሶ ያገናኘዋል። ሃይብሪድ (በነዳጅም በባትሪም የሚሄድ) ከሆነ ደግሞ ኤን ይበልጥ ኪሳራ ነው፤ ዲ ላይ ስትንከባለል ባትሪ ይሞላ የነበረው ጉልበት ኤን ላይ ወደ ባትሪው አይመለስም።