ሮሚዮን እንዴት እንተንትነው? ጥያቄና መልስ

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የሼክስፒርን «ሮሚዮና ጁልዬት» ለፈተና ወይም ለድርሰት ከሚያነቡ ተማሪዎች የተነሱ ናቸው። 3፥1 ሲባል ሦስተኛ ገቢር፣ አንደኛ ትዕይንት ማለት ነው። የስንኝ ቁጥር ከእትም እትም ስለሚለያይ አልጠቀስኩም።

ጥያቄ፦ የሮሚዮን ጉድለት «ችኮላ» ብዬ ብጽፍ ይበቃል?

አይበቃም። ችኩሉ እሱ ብቻ አይደለምና። የጁልዬት አባት ካፑሌት የልጁን ሠርግ ከሐሙስ ወደ ረቡዕ ይጎትታል። መነኩሴው አባ ሎሬንስም «የሚሮጥ ይደናቀፋል» ብሎ መክሮ ሮሚዮንና ጁልዬትን በዚያው ቀን ያጋባቸዋል። ሼክስፒር የተነሳው በ1562 ከታተመው የአርተር ብሩክ ረጅም ግጥም ሲሆን፣ እዚያ ወራት የሚፈጀውን ታሪክ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ንጋት ጨምቆታል። ጥድፊያው የመላው ተውኔት ነው።

የሮሚዮ የራሱ የሆነው ጉድለት የጎደለ ወሬ ይዞ መቁረጡ ነው። 5፥1ን ቀስ ብለህ አንብብ። አገልጋዩ ባልታሳር ከቬሮና ሮሚዮ ተሰድዶ ወዳለበት ሲደርስ፣ ሮሚዮ ገና ከመጀመሪያው «ከመነኩሴው ደብዳቤ አላመጣህልኝም?» ይለዋል። ጁልዬት ሞተች የሚለውን የተሳሳተ ወሬ ይሰማል፣ ከዋክብትን ይገዳደራል፣ ፈረስ እንዲከራዩለት ያዛል። ባልታሳር ፊቱን አይቶ «እባክዎ ይታገሡ» ቢለውም አይሰማም። ከዚያ ስለ ደብዳቤው ደግሞ ይጠይቃል። «የለም፣ ጌታዬ» ሲባል መልሱ «ግድ የለም» ነው። ደብዳቤ መምጣት እንዳለበት ያውቃል፤ አለመምጣቱን ግን እንደ ምልክት አያየውም። ከዚህች ምልልስ ብቻ ጥሩ አንቀጽ ይወጣል።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ሮዛሊንን ይወድ ነበር። ታዲያ የጁልዬት ፍቅሩ በምን ይታመናል?

በአነጋገሩ። በ1፥1 ስለ ፍቅር ሲያወራ «የእርሳስ ብረት ላባ፣ ብሩህ ጢስ፣ ቀዝቃዛ እሳት» እያለ ተቃራኒ ቃላት ይደረድራል። ይህ በዘመኑ የፍቅር ገጣሚዎች የለመዱት ፋሽን ነው፤ ሮዛሊንም አንዲት ቃል ስትናገር አንሰማም። በ1፥5 ግን እሱና ጁልዬት ሶኔት የሚባለውን የ14 ስንኝ ግጥም ተካፍለው ይናገራሉ። አራቱ የእሱ፣ አራቱ የእሷ፣ የቀረው የጋራ ነው፣ መጨረሻው መሳም። በ2፥2 በጨረቃ ልማል ሲል ትከለክለዋለች፣ ጨረቃ ተለዋዋጭ ናትና። አሁን የሚመልስለት ሰው አለ።

ብቻ «በሰለ» ብለሽ እንዳትደመድሚ። በ3፥3 መሬት ላይ ተዘርሮ እያለቀሰ ራሱን ሊወጋ ሲል የሚገሥጸው አባ ሎሬንስ ነው።

ጥያቄ፦ 3፥1 ላይ የጁልዬትን ዘመድ ቲባልትን የገደለው በድንገተኛ ንዴት አይደለም?

አብዛኛው ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ነው። ቅደም ተከተሉን ተከተል። ቲባልት ይሰድበዋል፤ ሮሚዮ ሊጣላው እምቢ ይላል፣ ካገባ ገና ሰዓት ቢሆነው ነው፣ ቲባልት ዘመዱ ሆኗል። የሮሚዮ ወዳጅ መርኩሺዮ እምቢታውን እንደ ውርደት ቆጥሮ ሰይፍ ይመዝዛል። ሮሚዮ ሊገላግል መሃል ሲገባ ቲባልት መርኩሺዮን በሮሚዮ ክንድ ሥር ይወጋዋል። ቀጥሎ ያለችውን ክፍተት አትዝለላት፦ መርኩሺዮ ተደግፎ ይወጣል፣ ሮሚዮ ብቻውን ቀርቶ የጁልዬት ውበት እንዳልፈሰፈሰው ይናገራል፣ ሌላው ወዳጁ ቤንቮሊዮ መርዶውን ያመጣል፣ ከዚያ ነው ቲባልት የሚመለሰው። የማሰቢያ ጊዜ ነበረው። ተጠቅሞበታልም፤ ያሰበው ግን ስለ ክብሩ ነው። ገድሎ ሲያበቃ «የዕድል መጫወቻ ሆንኩ!» ይላል። ይህን እንደ ደራሲው ፍርድ አትውሰደው፣ የሮሚዮ የራሱ ማመካኛ ነው።

ጥያቄ፦ ዕጣ ፈንታ ነው ወይስ ምርጫ?

ሁለቱም አሉ፣ ለየብቻ አስቀምጣቸው። የአባ ሎሬንስን ደብዳቤ የያዘው ሌላ መነኩሴ ወረርሽኝ ተጠርጥሮ ቤት ውስጥ መታሸጉ የማንም ጥፋት አይደለም። ከድሃው መድኃኒት ቀማሚ በ40 ዱካት መርዝ መግዛት ግን ምርጫ ነው።

ጥያቄ፦ በከበደ ሚካኤል ትርጉም ብሠራስ?

ስለ ገጸ ባሕርያቱ ለመጻፍ ይረዳሻል። ስለ ሶኔቱና ስለ ምቱ ስትጽፊ ግን እንግሊዝኛውን ክፈቺ።

ጥያቄ፦ ለሁለት ገጽ ስንት ትዕይንት ልምረጥ?

ሦስት ይበቃል፦ 1፥5፣ 3፥1፣ 5፥1። ከየትዕይንቱ ከሁለት እስከ አራት ስንኝ ጥቀስና ከጥቅሱ የረዘመ ማብራሪያ ስጠው። ታሪኩን መልሰህ አትተርክ፣ መምህሩ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ጁልዬትን ሊያገባ የነበረውን ፓሪስን መግደሉ ለምን ያስፈልጋል? ፊልም ላይ አላየሁትም።

ፊልሞች ብዙ ጊዜ ይቆርጡታል፣ ሮሚዮ እንዲወደድ ይመስለኛል። ተውኔቱ (5፥3) ግን ሁለት ፊት ያሳየናል። ሮሚዮ «ተስፋ የቆረጠ ሰው አትፈትን፣ ሌላ ኃጢአት አታሸክመኝ» ብሎ ይለምናል፣ ያለማመንታትም ይገድላል፣ ከዚያ ሟቹ እንደለመነው ከጁልዬት አጠገብ ያስተኛዋል። ወዲያው ደግሞ የጁልዬት ከንፈርና ጉንጭ ገና ቀይ መሆኑን በገዛ አፉ ይናገራል። በሕይወት የመኖሯ ማስረጃ ዓይኑ ሥር ነው፤ አሁንም ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም፣ መርዙን ይጠጣል። እሷ የምትነቃው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው።