ዞኒንጉ አሮጌ ነው ብለው ፔቲሽን ከመጻፍዎ በፊት

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ዋሽንግተን ዲሲ ብራይትዉድ ውስጥ የራስዎ ቤት አለዎት፣ እርስዎና ባለቤትዎ ላይ ነው የምትኖሩት፣ ቤዝመንቱ የራሱ በር፣ ኪችንና ሻወር አለው። ድሮ ፐርሚት ሊያወጡ ሄደው ዞኒንጉ፣ ማለትም የትኛው ሰፈር ላይ ምን ዓይነት ቤት እንደሚፈቀድ የሚወስነው የከተማው ደንብ፣ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚፈቅደው ተብለው ተመለሱ፣ ከዛ ወዲህ ያለ ወረቀት ነው የሚያከራዩት፣ አሁን ደግሞ ተከራዩ ኪራይ አቁሟል። ስለዚህ ከሰፈር ሰው ጋር ሆናችሁ ይሄ ያረጀ ሕግ ይሻሻልልን ብላችሁ ለከንቲባዋና ለካውንስሉ (ለከተማው ምክር ቤት) ፔቲሽን ልታስገቡ ነው።

ፔቲሽኑን ለጊዜው ያቆዩት። ያኔ የመለሰዎት ሕግ ዛሬ የለም። እሱ በ1958 የወጣው ደንብ ነበር፣ በዛ ደንብ እንደናንተ ሰፈር ባሉ አር በሚባሉት የመኖሪያ ዞኖች ቤዝመንት ለብቻው አፓርታማ እንዲሆን የዞኒንግ ቦርድ ፊት ቀርቦ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፣ ጎረቤትም መጥቶ ይቃወማል፣ ስንቱ ሰው ተስፋ ቆርጦ ተወው። ከተማው ለዓመታት ሲከራከርበት ቆይቶ አዲሱ ደንብ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2016 ሥራ ላይ ዋለ። አሁን ቤቱ ደንቡ የሚጠይቀውን ስፋት ካሟላ፣ አፓርታማው ከቤቱ ወለል 35 በመቶ ካልበለጠና ባለቤቱ እዛው ቤት እስከኖረ ድረስ፣ ላይ ይኑር ታች ግድ የለም፣ ያለ ቦርድ ይፈቀዳል። ይሄ ባለቤት ይኑር የሚለው ነገር ግን ቀልድ አይደለም፣ ብዙ የኛ ሰው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝቶ ይገባና የዲሲውን ላይና ታች ያከራየዋል፣ በአር ዞን ያኔ መብቱ ይቀራል። ፔትዎርዝ አካባቢ ብዙው ቤት አርኤፍ የሚባል ሌላ ዞን ውስጥ ነው፣ እዛ ሁለት ቤተሰብ ያለ ልዩ ፈቃድ ይፈቀዳል፣ ባለቤቱ ባይኖርበትም። ስለዚህ መጀመሪያ የከተማው ኦንላይን የዞኒንግ ካርታ ላይ አድራሻዎን አስገብተው ዞንዎን ይዩ።

ግን ዞኒንጉ ፈቀደ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ ሰው የሚወድቀው ከዚህ በኋላ ነው። ኢንስፔክተሩ ሜትሩን ይዞ ይመጣል። ጣሪያው 7 ጫማ መድረስ አለበት፣ መኝታ ቤቱ እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት መስኮት ይፈልጋል፣ የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መሆን የለበትም። ይሄንን እኔ ቢሮክራሲ አልለውም፣ ታች የሚተኛው የሰው ልጅ ነው። እና ኮንትራክተር ከመቅጠርዎ በፊት ራስዎ ለኩት፣ ጣሪያው ካነሰ ወለሉን ቆፍሮ ዝቅ ማድረግ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ትልቅ ወጪ ነው። ድሮ የሄዱበት ዲሲአርኤ የሚባለው መሥሪያ ቤትም በ2022 ለሁለት ተከፍሏል፣ ፐርሚት ከሕንፃ መምሪያው፣ የማከራያ ላይሰንስ ከንግድ ፈቃድ መምሪያው ነው የሚወጣው። ለኪራይ ቁጥጥሩ ክፍልም የሚያከራዩት ቤት ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ከቁጥጥር ነፃ ነው የሚለውን ፎርም ያስገቡ፣ ፎርሙ ካልገባ ነፃነቱ በራሱ አይመጣም፣ ኪራይ ልጨምር ሲሉ ይይዝዎታል።

ሕጉ ይሻሻል የሚለው ሐሳባችሁ አይጠላም፣ አድራሻው ግን ሌላ ነው። ዲሲ ውስጥ ዞኒንግ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ካውንስሉ አይደለም፣ አምስት አባላት ያሉት ዞኒንግ ኮሚሽን ነው፣ ሦስቱን ከንቲባዋ አቅርባ ካውንስሉ ያፀድቃቸዋል፣ ሁለቱ ከፌዴራል መንግሥት ናቸው። ካውንስሉ የሚያፀድቀው ኮምፕሪሄንሲቭ ፕላን የሚባለውን ትልቁን የከተማ ፕላን ነው፣ ዞኒንጉ ደግሞ ከሱ ጋር መጣረስ የለበትም። ስለዚህ ከካውንስሉ ጋር የምትነጋገሩት ስለ ፕላኑ ይሁን፣ የደንብ ለውጥ ጥያቄውን ለኮሚሽኑ አቅርቡ። ከሁሉ በፊት ግን የሰፈራችሁ ኤኤንሲ (ነዋሪው የሚመርጠው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን) ስብሰባ ላይ ተገኙ፣ የኤኤንሲ የጽሑፍ አስተያየት ኮሚሽኑ ፊት በሕግ ትልቅ ክብደት ይሰጠዋል፣ እኛ አበሾች ደግሞ እዛ ስብሰባ ላይ ብዙ አንታይም፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

የተከራዩ ነገር አስቸኳይ ነው። ላይሰንስ ሳይኖርዎት ፍርድ ቤት የማስለቀቅ ክስ ማስገባት አይችሉም፣ ተከራዩ ደግሞ ውሉ ራሱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሊከራከርዎት ይችላል። ተናደው ቁልፍ እንዳይቀይሩ፣ መብራትም ውኃም እንዳይቆርጡ፣ እሱን ካደረጉ ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ። የቤቱን ካርታና ፕላን፣ ከተከራዩ ጋር የተጻጻፉትን ቴክስት በሙሉ ሳያጠፉ ይዘው ጠበቃ ጋር ይሂዱ፣ የፐርሚቱንም ማመልከቻ ጎን ለጎን ያስጀምሩት።