ባቡሩ ለግል ቢሰጥ መጠበቅ ይቀርልናል?

ጥያቄ፦ ለገሀር ፌርማታ ባቡር ስንጠብቅ ሰዉ ሁሉ «ለግል ቢሰጡት ይስተካከል ነበር» ይላል። እንግሊዞች ይህን ሞክረውታል ይባላል። መዘግየቱ ቀረላቸው? (ከቂርቆስ)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ አልቀረላቸውም። ተሳፋሪው በእርግጥ በዝቷል፤ ሰዓት ማክበሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ሐዲዱ ሬልትራክ ለተባለ ኩባንያ፣ ባቡሮቹ ለሦስት አከራዮች፣ ማጓጓዙ ለ25 ድርጅቶች ተከፋፈለ። ሬልትራክ ደግሞ ጥገናውን ለኮንትራክተሮች ሰጠ።

ትልቁ ጣጣ የመጣው ጎማና ሐዲድ ከሚነካኩበት ቦታ ነው። ፍሬን ሲያዝ የተንሸራተተ ጎማ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከዚያ በየዙሩ ሐዲዱን ይደበድባል። የተበላ ሐዲድም በተራው ጎማ ይበላል። ጎማውን ቶርኖ ላይ የሚያስተካክለው አንዱ፣ ሐዲዱን የሚሞርደው ሌላው ከሆነ፣ አንዱ የቆጠባት ወጪ በሌላው ላይ ጉዳት ሆና ትወጣለች። ኦክቶበር 17 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ሃትፊልድ አጠገብ ሐዲድ ተሰባብሮ አራት ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁ አስቀድሞ ታውቆ፣ ሐዲዱ ይቀየራል ተብሎ ነበር! ሌላ የት የት እንደተሰነጠቀ በቅጡ ስላልታወቀ ከ1,000 በላይ ቦታዎች ላይ ፍጥነት ተገደበ፤ የጉዞ ሰሌዳው ለወራት ተመሰቃቀለ። ሬልትራክም በማግሥቱ ዓመት በዕዳ ተይዞ በአስተዳዳሪ እጅ ወደቀ።

የእኛ ቀላል ባቡር ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ነው። ባቡሮች ቆመው የቀሩት በመለዋወጫ እጦት ሲሆን፣ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሬ ይገዛል፤ የግል ባለሀብትም ያንኑ ምንዛሬ ይፈልጋል። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ እዚያ መሃል አንድ ባቡር ከተበላሸ ሁለቱም ይቆማሉ። ይህን ባለቤት መቀየር አይፈታውም።

ለግል ይሰጥ ከተባለ ግን የጎማውና የሐዲዱ ጥገና በአንድ እጅ ይሁን፤ መጋዘን ውስጥ ሊኖር የሚገባው የመለዋወጫ ዓይነትና ብዛትም በውሉ ይጻፍ። አለካኩ ደግሞ ወሳኝ ነው። እንግሊዝ ለዓመታት ባቡር ዘገየ የምትለው መጨረሻ ጣቢያ ከአምስት ደቂቃ፣ ለረጅም መንገድ ከአሥር ደቂቃ በላይ ሲያረፍድ ነበር፤ መሃል ላይ የወረደው መንገደኛ መዘግየት አይቆጠርም ነበር። እኛ ዘንድ የሚለካው በሁለት ባቡሮች መካከል ያለው ጊዜ መሆን አለበት። በየስድስት ደቂቃው ይመጣሉ የተባሉ ባቡሮች በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ተከታትለው ቢመጡ የምልልሱ ቁጥር ሙሉ ነው፤ ተሳፋሪው ግን እጥፍ ቆሟል። ልኬቱ ስታዲየምና ልደታ ላይ፣ በተለይ ጠዋትና ማታ በመውጫ መግቢያ ሰዓት ይወሰድ።